የአንጎል ጤና ትምህርቱ ሐሙስ ገበያም ይድረስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ስለምውል የከተማችንን ሕመም ቀድመው ከሚሰሙት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሰው ሐኪም ጋ ከመሄዱ በፊት እኛ ጋ ብቅ ይላል፣ ሐኪም ጋ ሄዶ ሲመለስም እኛው ጋ ነው የሚመጣው፣ ጭራሽ ሐኪም ጋ መሄድ ያልፈለገውም መጀመሪያ የሚሞክረው እኛን ነው።

የነርቭ ሐኪሞቻችን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ እየቀረቡ ስለ አንጎል ጤና ማስተማራቸው በጣም ደስ ይለኛል። ሐምሌ 15 የዓለም የአንጎል ቀን ነው፤ የዓለም የነርቭ ሕክምና ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያከብረዋል። ጥቅምት 19 ደግሞ የዓለም የስትሮክ ቀን አለ። በነዚያ ሰሞን ጥሩ ጥሩ ነገር እንሰማለን። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑ ያልፋል፣ ዝም ይባላል። የተባለውም ቢሆን የሚደርሰው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ለሚያይ፣ አማርኛ ለሚሰማ፣ ብዙ ጊዜም ቀድሞውኑ ጥቂት ለሚያውቅ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከማና፣ ከቀርሳ፣ ከሰቃ ተነስተው ሂርማታ ገበያ የሚመጡት እናቶች ጋ አይደርስም። የታመመ ሰው ይዘው በራችን ላይ የሚቆሙት ደግሞ እነሱ ናቸው።

የምለው አንድ ነገር ነው። ትምህርቱ ወርዶ ሰው ያለበት ይምጣ፤ ሲመጣም በዚያች በጭንቅ ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለብን፣ ምንስ ማድረግ እንደሌለብን ይንገረን። የአንጎል ክፍሎችን ስም መስማት ለተማሪ ይጠቅም ይሆናል። አጠገባችን ሰው ሲወድቅ ግን የሚያስፈልገን ሌላ ነው።

ከስትሮክ ልጀምር።

በቅርቡ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። አንድ ወጣት ወርዶ እየሮጠ ገባ። "እናቴን ምች መታት፣ የሚዋጥ ነገር ስጡኝ" አለ። ወጥቼ አየሁ። እናትየው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብለው ተቀምጠዋል። ሻርባቸው ከግራ ትከሻቸው ተንሸራቷል፣ ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል፣ አያነሱትም። አፋቸው ወደ ቀኝ ሄዷል። የታሸ ዳማከሴ ይሸታሉ፣ አረንጓዴው ጭማቂ አገጫቸው ላይ ደርቋል። "መቼ ጀመራቸው?" ስለው "ትናንት ከመግሪብ በኋላ" አለኝ። ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ዳማከሴ ሲጨምቅላቸው፣ ሲያሻቸው፣ ላብ እንዲወጣቸው ብርድ ልብስ ሲደራርብላቸው ነው ያደረው። አንድም ሰው አልተኛም። ሆስፒታሉ ግን በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ነበር። ምንም መድኃኒት ሳልሰጥ በቀጥታ ወደዚያው እንዲሄዱ ነገርኳቸው።

እነዚህ ሰዎች ግድ የለሽ አይደሉም። እናታቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ፣ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ተመራማሪዎች አስልተውታል፤ ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካልተገኘ በእያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ያውም ሲቲ ስካን ተነስቶ የተዘጋ እንጂ የፈሰሰ አለመሆኑ ከታየ በኋላ። ከመግሪብ እስከ ጠዋት ያለው ሌሊት ይህን ዕድል ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ቶሎ የደረሰ ሰው ይጠቀማል። ስኳሩ ይታያል፣ ግፊቱ ይስተካከላል፣ መዋጥ መቻል አለመቻሉ ይመረመራል፣ ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ ሌላ መዘዝ እንዳያመጣ ይጠበቃል።

ስለዚህ ሰው እንዲህ ቢባል በቂ ነው። ፈገግ በሉ በሏቸው፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ከሄደ፤ ሁለት እጃቸውን እንዲያነሱ ጠይቁ፣ አንዱ ከወደቀ ወይም አልነሳ ካለ፤ ስማቸውን እንዲናገሩ ጠይቁ፣ ምላሳቸው ከተሳሰረ፤ ከሦስቱ አንዱም ቢሆን በድንገት ከታየ ያኔውኑ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ሰዓቱንም ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ መቼ እንደጀመረ ነው። ፊት ብቻ ተጣሞ እጅና ንግግር ደህና የሚሆንበት ሌላ ሕመምም አለ፤ እሱን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው፣ ቤት ውስጥ አይወሰንም።

አስፕሪን ነገር ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። "አባቴ ወድቋል፣ ቶሎ አስፕሪን ስጡኝ" ብሎ የሚመጣ አለ። ከየት እንደሰማው አላውቅም፣ የልብ ሕመምተኛ ላይ ሲደረግ አይቶ ይሆናል። ነገር ግን የተዘጋ ይሁን የፈሰሰ ሳይታወቅ፣ ለዚያውም መዋጥ ላይችል ለሚችል ሰው፣ አስፕሪን ቤት ውስጥ አይሰጥም። የፈሰሰ ከሆነ ደሙን ማባባስ ነው። ውሃም፣ ወተትም፣ ቡናም አይሰጥ። ይህን አንዲት ነገር ብቻ አንድ የነርቭ ሐኪም ሬዲዮ ላይ ሦስት ደቂቃ ቢናገራት፣ ያውም በአፋን ኦሮሞ፣ ስንት ቤት እንደምትገባ አስቡት።

ስትሮክ ከየት ይመጣል ካላችሁ መጀመሪያ የሚጠራው ደም ግፊት ነው። እዚህ ላይ ብዙ የምለው አለኝ፣ ምክንያቱም በየቀኑ የማየው እሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። የሚያውቁትም ቢሆን መድኃኒቱን እንደ ራስ ምታት ኪኒን ነው የሚወስዱት፤ ሲያማቸው ብቻ። አንድ የአጋሮ ሽማግሌ አሉ፣ ደንበኛችን ናቸው። ሲመጡ "ለሦስት ቀን የሚሆን ስጠኝ ልጄ" ይላሉ። "አባቴ፣ ይሄ የወር ነው፣ ሳያቋርጡ ነው" እላቸዋለሁ። "አሁን እኮ ተሽሎኛል፣ ራሴን አያመኝም" ይሉኛል። "ዝናቡ ስላባራ ጣሪያውን ያነሱታል እንዴ?" ስላቸው ሳቁና የሁለት ሳምንት ገዙ። ገንዘብም ነው፣ እሱን አልክድም። የወሩን በአንዴ የሚገዛ ኪስ ሁሉም የለውም። የጤና መድኅን ያላቸው ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደው "መድኃኒቱ አልቋል" ሲባሉ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይመጡና ዋጋውን ሰምተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ይህ ነገር ካልተስተካከለ ትምህርቱ ብቻውን የትም አይደርስም፤ ሐኪሞቹም ሲናገሩ ይህንን ጨምረው ቢናገሩ፣ ሰሚ ያለው ድምፅ የነሱ ስለሆነ፣ ለኛ ትልቅ ነገር ነው።

ግፊት ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ ከተገኘ ሐኪም ጋ መታየት ነው። መለካት አያምም፣ ደቂቃም አይፈጅም። እኛ ሀገር ጨው ላይ ብዙ አይወራም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይብቃው ይላል፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በኛ አካባቢ ገጠር ቡናውን በጨው የሚጠጣ ብዙ ሰው አለ፤ ቡና ደግሞ እኛ ጋ በቀን አንዴ ብቻ አይፈላም። ወጡም ጨው አለበት፣ ዳቦውም አለበት። ቡናችሁን አትጠጡ የሚል ሰው ጅማ ውስጥ ማን ይሰማዋል? ጨውን ቀንሱ ማለት ግን ይቻላል። ጫትም እንደዚሁ በግልጽ ይነገር። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ልብ ያስመታል፣ ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ግፊት ያለበት ሰው ከሰዓት ሙሉ ቅሞ ማታ ኪኒኑን ቢውጥ ኪኒኑ ብቻውን አያሸንፍም። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን በጫት የሚያነጉ የዩኒቨርሲቲ ልጆችም ያሳዝኑኛል፤ ያጠኑትን አንጎል አጥብቆ የሚይዘው በእንቅልፍ ሰዓት ነው፣ እነሱ ደግሞ የሚቆርጡት እሱኑ ነው።

አሁን ወደ ሚጥል በሽታ ልምጣ። ስለዚህ ሳስብ እናደዳለሁ።

ገበያ መሀል ልጅ ይወድቃል። ወዲያው "ክብሪት! ክብሪት!" የሚል ጩኸት ይነሳል። አንዱ ለኩሶ አፍንጫው ሥር ያጨሰዋል። ሌላው ጥርሱን በማንኪያ ይፈለቅቃል። ሌላው እጁን ይዞ ይታገለዋል። የተቀሩት ደግሞ አረፋው እንዳይነካቸው ይሸሻሉ፣ ይጋባል ብለው። ከላይ ከንፈራቸው ላይ የክብሪት ጠባሳ ያለባቸው ልጆች መድኃኒት ሊወስዱ ይመጣሉ። አፍንጫቸው ሥር ያለችውን ያቺን ጠባሳ ሳይ ከመውደቁ ይልቅ የኛ "እርዳታ" ያሳመማቸው ይመስለኛል።

የሚጥል በሽታ አይጋባም። በለሃጭ አይጋባም፣ በመንካት አይጋባም። ከአንጎል ሴሎች በድንገት ከሚነሳ ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመጣ ሕመም ነው። ክብሪቱ የሚጨምረው ነገር ቃጠሎ ብቻ ነው። ብዙውን ጊዜ መንቀጥቀጡ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል፣ ሰዎች ግን ክብሪቱ ያስቆመው ይመስላቸዋል። መደረግ ያለበት ይህ ነው፤ ከእሳትና ከመኪና መንገድ ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ኮሌታውን ማላላት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ አለመታገል፣ መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ ማስተኛት፣ እስኪነቃ አብሮት መሆን። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከያዘው ሆስፒታል። እርጉዝ ከሆነች፣ ወይም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነም እንዲሁ።

ይህ አዲስ እውቀት አይደለም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2 የሚሆነው የሚጥል በሽታ እንዳለበት አግኝተዋል። ከነዚህ ውስጥ ትክክለኛውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሳት ላይ ወድቀው የተቃጠሉም ነበሩባቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ እዚሁ ጅማ ዙሪያ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ሠልጥነው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች እንዲከታተሉ ተደርጓል፣ ሰውም ሩቅ ሳይሄድ መድኃኒቱን አግኝቷል። የነርቭ ሐኪም በሌለበትም መሥራት እንደሚቻል በኛው አካባቢ ታይቷል ማለት ነው። ክብሪቱ ግን አሁንም አለ።

በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕመም አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ፣ የመድኃኒቱም ወጪ ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 5 ዶላር ዝቅ ሊል ይችላል። ማለትም ልጅ ትምህርት ቤት ይመለሳል፣ ሴት ልጅ ታገባለች፣ ሰው ሥራውን ይሠራል። እናቶች ጥግ ይዘው በሹክሹክታ "የዛን መድኃኒት ስጠኝ" የሚሉኝ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ስሙን አይጠሩትም። ጎረቤት እንዳይሰማ ነው፣ ልጅቷን የሚያገባት እንዳይጠፋ ነው።

ጠበል ስለሚሄዱትም፣ ዱዓ ስለሚያስደርጉትም አንድ ነገር ልበል። እምነቱን የሚነካ ንግግር ከሐኪም ሲሰማ ሰው ጆሮውን ይዘጋል። ልክም አይደለም። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፣ ያ ደግሞ ይገድላል። መውለድ የምታስብ ሴትም አንዳንዱ መድኃኒት ለጽንሱ ስለማይሆን ሐኪሟን ቀድማ ታማክር፣ በራሷ ጊዜ ግን አታቁም። ይህን ነገር አባ ከመድረክ፣ ሼኹም ከጁምዓ በኋላ ቢሉት የኔና የሐኪሙ ንግግር ተደምሮ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል።

የሞተር ብስክሌትን ነገር በአጭሩ ላንሳ። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳ ሰው በየቀኑ አያለሁ፣ ከኋላው ደግሞ ልጅ የታቀፈች ሴት። የተለያዩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ ሄልሜት የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። ክንድ ላይ ሆኖ ግን የሚያድነው ክርኑን ነው።

የአረጋውያን መርሳትም አለ። "ጃጅተዋል" ብለን እንተዋቸዋለን። እርጅና ብቻ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊሻሻሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነሱ ላይ ከተሠራ 45 በመቶ ያህሉን የመርሳት ሕመም መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ብሏል። ግፊትና ስኳር አሉበት፣ ሲጋራ አለበት፣ የጆሮ መድከም አለበት፣ ብቸኝነትም አለበት። በቪታሚን እጥረት ወይም በእንቅርት እጢ ችግር የሚመጣ፣ ታክሞ የሚሻሻል መርሳትም አለ። ስለዚህ አያት ጨው ሁለት ጊዜ ወጡ ላይ መጨመር፣ የሚያውቁት ሰፈር ውስጥ መንገድ መሳት ሲጀምሩ አንድ ጊዜ ሐኪም ይያቸው። ቡና ሲፈላም ጥግ ላይ አይቀመጡ፣ ወሬው ውስጥ ይግቡ።

እንግዲህ ጥያቄዬ እንዴት ይድረስ የሚለው ነው። የነርቭ ሐኪሞቻችን ጥቂት ናቸው። ስፔሻሊቲ ሥልጠናው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። 350 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሐሙስ ገበያ ይቁሙልን አልልም። ያላቸውን እውቀት ግን ሕዝቡ ጋ ለሚደርስ ሰው ይስጡት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር የታወቀ ነው፤ እነዚያ ልጆች ስለ ስትሮክና ስለ ክብሪቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማስረዳት ይችላሉ። እድሮች በወር አንዴ ይሰበሰባሉ፣ አሥር ደቂቃ አይነፍጉም። የባጃጅ ሾፌሮች ማኅበራትም አሉ፤ ጅማ ውስጥ አምቡላንሱ ባጃጅ ነው፣ የመጀመሪያውን ምልክት አይቶ ወደ ቤት ልመልስ ወይስ ወደ ሆስፒታል ልንዳ የሚለውን የሚወስነውም ብዙ ጊዜ ሾፌሩ ነው። እነሱን ማሠልጠን እስካሁን ለምን እንዳልታሰበ አይገባኝም።

ለሐኪሞቹም አንድ ልመና አለኝ። ስቱዲዮ ስትገቡ ራስ ምታት ሁሉ ዕጢ እንዲመስለን አታድርጉን። ከእያንዳንዱ ፕሮግራም ማግስት "ሲቲ ስካን ልነሳ ነው" ብሎ ላሙን የሚሸጥ ሰው ይመጣል። የትኛው ራስ ምታት እንደሚያስቸኩል ለይታችሁ ንገሩን፤ በድንገት የመጣ በሕይወት ዘመን ታይቶ የማያውቅ ከባድ ሕመም፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፣ እጅ ወይም እግር የሚያደክም፣ ከጭንቅላት ምት በኋላ እየባሰ የሚሄድ። ሌላው በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይጀምር።

እናንተም፣ ዝግጅት ክፍሎች፣ በሐምሌ አንድ ሙሉ ገጽ ከምትሰጡን በየሳምንቱ ሩብ ዓምድ ስጡን። ሐኪም ይጻፈው፣ በቀላል ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። አንዱ ሳምንት ስለ ክብሪቱ፣ አንዱ ሳምንት ስለ አስፕሪኑ፣ አንዱ ስለ ጨው። ተቆርጦ የሚለጠፍ ሆኖ ከወጣ እኔ በሁለቱም ቋንቋ አስተርጉሜ በራችን ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼንም አነጋግሬያቸዋለሁ፣ እነሱም ግድግዳቸው ላይ ቦታ እንዳላቸው ነግረውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ ከጅማ